የኮምፒዩተር ዘበኛ ለማን ይታመናል?

ወለቃን ታውቃት ይሆናል። ከጎንደር ከተማ ወጥተህ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄድህ፣ በመንገዱ ዳር የሸክላ ሥራ ተደርድሮ ካየህ ደርሰሃል ማለት ነው። የይሁዳ አንበሳ አለ፤ ንግሥተ ሳባና ንጉሥ ሰሎሞን አሉ፤ ባለስድስት ማዕዘን ኮከብ የተቀረጸበትም አለ። መንደሪቱ የቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች መኖሪያ ነበረች። እነርሱ በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል፣ ኋላም በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያው ለጎረቤት ተረፈ።

እንግዲህ ከአንዲት እናት ዘንድ ቀርበህ አንበሳውን ገዛህ እንበል። በኪስህ የብር ኖት የለም፤ በስልክህ ትከፍላለህ። ከከፈልህም በኋላ «ይኸው እማማ፣ ገብቷል» ብለህ የስልክህን መስታወት ታሳያቸዋለህ። እሳቸው ግን የአንተን ስልክ አይመለከቱም። የራሳቸውን ከመቀነታቸው ያወጡና መልእክቱ እስኪመጣ ድረስ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። አትቀየማቸው! የሐሰት ደረሰኝ በስልክ አሳይቶ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ሰው በየገበያው መኖሩን ሰምተዋል። መልእክታቸው ሲደርስ አንበሳውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጡሃል፤ ይመርቁህማል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ልናጫውትህ የፈለግነው በአንተ ስልክና በእማማ ስልክ መካከል ስለ ቆመው ሰው ነው። ይህ ሰው አይታይም። ጠመንጃ አልያዘም፤ ካፖርት ለብሶም ከበር አልቆመም። ገንዘቡ ከአንተ ሒሳብ ወጥቶ ወደ እሳቸው ሒሳብ ሲሻገር መንገድ ላይ የሚነጥቅ እንዳይኖር፣ መዝገቡም እንዳይበረዝ የሚጠብቅ ዘብ ነው። ሥራው የሳይበር ደኅንነት ይባላል፤ በትልልቁ ኩባንያና ባንክ ውስጥ አለቃው የደኅንነት ዋና ሹም ተብሎ ይጠራል። ከተማሪው ወገን ብዙዎች ይህን ሥራ ሲመኙ እንሰማለን። ደመወዙን እንጂ ጣጣውን የነገራቸው ሰው ያለ ግን አይመስለንም።

በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባህ ነገር፣ በዓለም ላይ ይህን ከፍተኛ ወንበር ከያዙት ሰዎች መካከል ጥቂት የማይባሉት ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ቤት የመጡ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ ያህል አሜሪካዊውን ሚስተር ሃዋርድ ሽሚትን እንይ። (ስለ ውጭ አገር ጉዳይ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በል።) እኒህ ሰው በ1949 ተወለዱ፤ በአየር ኀይል አገለገሉ፤ ከዚያም በአሪዞና ግዛት ቻንድለር በምትባል ከተማ ፖሊስ ሆኑ። በትርፍ ጊዜያቸው ራዲዮ እየፈቱ መግጠም የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጊዜው ኮምፒዩተር በየቤቱ መግባት የጀመረበት ነበርና፣ ወንጀለኛው ሒሳቡን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ሲያዛውር ፖሊሱም ተከትሎ መግባት ነበረበት። ሽሚት ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ተዛውረው በብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ መረጃ ማዕከል ከኤፍ.ቢ.አይ. ጋር ሠሩ፤ በዚያም የተያዙ ኮምፒዩተሮችን የሚመረምረውን ቡድን መሩ። ቀጥሎም በአየር ኀይሉ ልዩ ምርመራ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ወንጀል ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆኑ።

በ1997 ማይክሮሶፍት ኩባንያ ወሰዳቸውና ኋላ የደኅንነት ዋና ሹም አደረጋቸው። ከሴፕቴምበር 11ዱ አደጋ በኋላ በ2001 ፕሬዚዳንት ቡሽ ወደ ዋይት ሀውስ ጠሯቸው፤ በ2003 ኢቤይ የሚባለው የመረብ ገበያ ዘብ ሆኑ፤ በዲሴምበር 2009 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማ የሳይበር ደኅንነት አስተባባሪ አድርገው ሾሟቸው። በ2012 ከዚያ ሥራ ወጡ፤ በ2017 ዐረፉ። ከከተማ ፖሊስነት ተነሥተው ሁለት ጊዜ ዋይት ሀውስ ገቡ ማለት ነው።

ፖሊስ ለኩባንያ ምን ይፈይዳል?

ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። መርማሪ ይዞት የሚመጣው ግን ሌላ ልማድ ነው። አንድ ኮምፒዩተር ተሰብሮ የተገኘ እንደ ሆነ ጀማሪው ባለሙያ ወዲያው ከፍቶ ይጎረጉራል፤ አድናለሁ ብሎ ማስረጃውን ያበላሻል። ገና ሲነካው በማሽኑ ውስጥ የተመዘገቡት ሰዓቶች ይለዋወጣሉና! መርማሪው ዋናውን አይነካም። ከዲስኩ ላይ አንዲት ነጥብ ሳትቀር ቅጂ ያነሣል። ከዚያ የሁለቱን አኀዛዊ አሻራ ያመሳክራል፤ ይህ አሻራ ከጠቅላላው ይዘት በሒሳብ የሚወጣ ረጅም ቁጥር ነው፤ አንድ ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ሥራውን የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። ዋናው ይታሸግና ማን እንደ ተረከበው፣ በስንት ሰዓት፣ የት እንዳኖረው በፊርማ ይጻፋል። ኋላ በፍርድ ቤት «ማስረጃውን ነካክታችሁታል» የሚል ጠበቃ ቢነሣ ቁጥሩና ፊርማው መልስ ይሰጣሉ።

በእኛ አገር ደግሞ ፈረንጁ መርማሪ የማያውቀው ተጨማሪ ፈተና አለ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ነገሩ የሆነው ዓርብ ሌሊት በ8 ሰዓት ነው» ብሎ ቃሉን ይሰጣል እንበል። የባንኩ ኮምፒዩተር «ቅዳሜ 2፡00» ይላል፤ እንደ ፈረንጁ አቆጣጠር ቅዳሜ የገባው በእኩለ ሌሊት ነውና። ሌላው ማሽን በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ እንደ ሆነ ደግሞ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ «ዓርብ 23፡00» ብሎ ይመዘግባል። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል። የእኛን ወርና ዓመት ጨምርበትና ምን ያህል እንደሚደናገር አስበው! እነዚህን ሳያስታርቅ መዝገብ የሚዘጋ ሰው፣ በዚያች ሰዓት ተረኛ ያልነበረውን ንጹሕ ሠራተኛ ሊያስር ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ሙያው ከመንግሥት ቤት ወደ ኩባንያ ቤት ምንም ሳይጎድልበት ይሻገራል። አንድ ነገር ግን ይገለበጣል። ፖሊስ ሌባ ሲያገኝ ስሙ ይነሣል፤ ይሾማል፤ ይሸለማል። የኩባንያ ዘብ ግን ሌባ ገብቶ ያገኘ ዕለት «ምን ስትጠብቅ ነበር?» ይባላል። የኩባንያው ስም ይጎድፋል፤ ደንበኛው ይሸሻል፤ የራሱም እንጀራ ያሠጋዋል። ይህ ፈተና በአንድ ሰው ላይ ምን እንዳመጣ ልንገርህ።

የሚስተር ሱሊቫን ዐሥር ቀን

ሚስተር ጆ ሱሊቫን በሰሜን ካሊፎርኒያ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች ላይ ክስ በሚመሠርተው ክፍል ሠርተዋል። በ2002 ወደ ኢቤይ ሄዱ፤ ኋላ ፌስቡክ የደኅንነት ዋና ሹም አደረጋቸው፤ በ2015 ኡበር ወደሚባለው ኩባንያ በዚያው ማዕረግ ገቡ። ኡበር ማለት በአዲስ አበባ እነ ራይድ የሚሠሩትን መኪና በስልክ የመጥራት ሥራ በብዙ አገር የሚሠራ ኩባንያ ነው።

ኡበር በ2014 አንድ ጊዜ መረጃ ተሰርቆበት ስለ ነበር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በመመርመር ላይ ነበር። ሱሊቫን በኖቬምበር 4 ቀን 2016 ምለው ኩባንያው የሰዎችን መረጃ እንዴት እንደሚጠብቅ ለኮሚሽኑ ቃላቸውን ሰጡ። በዐሥረኛው ቀን፣ ኖቬምበር 14፣ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። ጸሐፊው የኩባንያው መዝገብ በእጁ እንደ ገባ ይናገራል፤ ገንዘብም ይፈልጋል።

የተገባበት መንገድ የሚያሳፍር ነው። ሁለት ሰዎች የኩባንያው መሐንዲሶች የፕሮግራም ጽሑፋቸውን ከሚያኖሩበት ስፍራ ዘልቀው፣ በጽሑፉ መካከል የመጋዘኑ ቁልፍ ተጽፎ አገኙት። ቤትህን ቆልፈህ ቁልፉን በበሩ አጠገብ ካለው ካብ ውስጥ ሸጉጠህ እንደ መሄድ ያለ ነው። በዚህም መንገድ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሹፌሮች መረጃ ተወሰደ፤ 600,000 ከሚሆኑት ሹፌሮች የመንጃ ፈቃዳቸው ቁጥር ጭምር።

አሁን ራስህን በሰውዬው ወንበር ላይ አስቀምጥ። ከዐሥር ቀን በፊት ምለህ ተናግረሃል። ዛሬ ደግሞ ያው ዓይነት ጥፋት፣ ከቀድሞውም የከፋ፣ በእጅህ ላይ ወድቋል። የኩባንያው የበላይ ሹም ነገሩን ሰምተዋል። ብትናገር ኮሚሽኑ ይቈጣል፤ ጋዜጣ ያወጣዋል። ዝም ብትል ምናልባት ማንም አያውቅም። ምን ታደርጋለህ?

ብዙ ኩባንያዎች ጉድለታቸውን አግኝቶ በቅንነት ለሚጠቁማቸው ሰው ጉርሻ ይከፍላሉ፤ ይህ በሕግ የተፈቀደ፣ ጠቃሚም ልማድ ነው። ኡበር በዚህ ጉርሻ ስም ለሁለቱ ሰዎች 100,000 ዶላር በቢትኮይን ከፈለ፤ ምሥጢር የመጠበቅ ውልም አስፈረማቸው። በውሉ ውስጥ ምንም መረጃ እንዳልወሰዱ የሚል ቃል ተጻፈበት። ይህ እውነት አልነበረም። ለኮሚሽኑ አልተነገረም፤ የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ ለተወሰደበት ሹፌርም አልተነገረም።

ዓመት አለፈ። በ2017 አዲስ የበላይ ሹም መጡ፤ ጉዳዩ ተጣራ፤ በኖቬምበር ሱሊቫን ተሰናበቱ፤ ኩባንያውም የሆነውን ለዓለም ገለጠ። ሰርጎ ገቦቹ በ2019 በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ። በኦክቶበር 2022 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ዳኞች ሱሊቫንን በሁለት ነገር ጥፋተኛ አሏቸው፤ የኮሚሽኑን ሥራ በማሰናከልና የሚያውቁትን ከባድ ወንጀል በመደበቅ። በአንድ ወቅት ሰርጎ ገቦችን ይከሱ የነበሩት ሰው ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ቆሙ! ዐቃቤ ሕግ የ15 ወር እስራት ጠየቀ። ዳኛው ዊልያም ኦሪክ ግን በሜይ 2023 የ3 ዓመት የአመክሮ ጊዜ፣ 50,000 ዶላር መቀጫና 200 ሰዓት የበጎ አገልግሎት ፈረዱባቸው፤ ነገ ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው ግን እስር ቤት እንደሚገባ አስጠነቀቁ። በማርች 2025 የይግባኙ ፍርድ ቤት የጥፋተኝነቱን ውሳኔ አጸና።

እውነቱን ለመናገር ይህ ታሪክ በቀላሉ የሚፈረድበት አይደለም። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው ስለ ቅንነታቸው ለዳኛው ጽፈዋል። ሱሊቫንና ሰዎቻቸው የሰርጎ ገቦቹን እውነተኛ ስም ፈልገው ማግኘታቸው፣ የተወሰደውም መረጃ እንዳይበተን መድከማቸው አይካድም። የጊዜው የበላይ ሹም አለመከሰሳቸውም ብዙ ሰው የከነከነው ነገር ነው፤ እኛንም ይከነክነናል። ነገር ግን ሰውዬውን ከሁሉ ይልቅ የጣላቸው ያ ወረቀት ይመስለናል፤ እውነት ያልሆነ ቃል የተጻፈበት፣ በእጃቸው ያለፈ ወረቀት። ዐቃቤ ሕግ ሳሉ እንዲህ ያለውን ወረቀት በሌላ ሰው መዝገብ ውስጥ ቢያገኙት ምን ያደርጉ እንደ ነበር ለማሰብ አያስቸግርም።

በእኛስ ቤት?

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፤ እኔ ምን ቸገረኝ» ትል ይሆናል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ዛሬ አስተዳደር የሚባለው፣ ከተቋቋመ ገና ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958ም የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከመንግሥት መርማሪነት ወደ ባንክና ኩባንያ ዘብነት የሚሻገረው መንገድ በአገራችን አዲስ ነው። ፈተናው ግን ደርሷል።

ዐዋጁን አግኝተህ አንብበው። ከአንዳንድ አንቀጾቹ የተነሣ የመናገር ነጻነትን ያጠባል ተብሎ ትችት ደርሶበታል፤ ትችቱንም አብረህ አንብብ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙን ሦስት ነገሮች ናቸው። ያለ ፈቃድ በሰው ኮምፒዩተር መግባት፣ ምንም ባይሰረቅ እንኳ፣ ብቻውን እስከ 3 ዓመት ሊያሳስር ይችላል፤ የተገባበት የድርጅት ኮምፒዩተር ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። አገልግሎት ሰጪ ድርጅት በመረቡ ማን መቼ እንደ ተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ ቢያንስ ለ1 ዓመት ማኖር አለበት። ሦስተኛውም ይኸውልህ፤ በሚያስተዳድረው ሲስተም ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ አገልግሎት ሰጪ ወይም የመንግሥት አካል ወዲያውኑ ለኤጀንሲው ማሳወቅና ለፖሊስ ማመልከት ግዴታው ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ፤ በእርሱም የሰው መረጃ ሲደፈር ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በ72 ሰዓት ውስጥ መነገር አለበት። እንግዲህ የሱሊቫን ዐሥር ቀን በእኛ አገር ሦስት ቀን ሆኗል ማለት ነው።

ደግሞ መርማሪ ሆኖ ያደገ ሰው የሚስትበት አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ሌባ ይፈልጋል። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን አንተም ታስታውሳለህ፤ ምናልባትም በግቢህ ኤ.ቲ.ኤም. ፊት ከተሰለፉት አንዱ ነበርህ! ሰው ከሒሳቡ በላይ ሲያወጣና ሲያስተላልፍ አደረ። ባንኩ በዚያው ወር እንዳስታወቀው የወጣበት ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ከዚህም 622 ሚሊዮን የሚሆነው ተመልሷል። ገና ከጠዋቱ ወሬው «ባንኩ ተጠለፈ» ሆነ። ባንኩ ግን ሰርጎ ገብ እንዳልገባ፣ ጉድለቱም ሲስተሙ ሲሻሻል ከውስጥ የመጣ መሆኑን ገለጸ።

በዚያች ሌሊት ተረኛ የነበረውን ዘብ አስበው። በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ማን ገባ?» ሳይሆን «ገብቷልን?» የሚል ነው። ሌባ ነው ካለ ፖሊስ ይጠራል፤ ብልሽት ነው ካለ መሐንዲስ ይጠራል፤ በሁለቱም በኩል መስመሩን መዝጋት አለበት፤ መስመሩን ሲዘጋ ደግሞ በአገሩ ሁሉ ለመድኃኒት፣ ለመሳፈሪያ፣ ለእራት የሚከፍለው ሰው እጁ ይታሰራል። የወለቃዋም እናት መልእክታቸውን እየጠበቁ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ የሚወስነው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ያን ጊዜ በችኮላ ሌባ ቢፈለግ ኖሮ የሚያዘው ስልኩን ይዞ የተሰለፈው ተማሪ ነበር። ተማሪው የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ ማውጣቱ ጥፋት ነው፤ መመለስም አለበት፤ ባንኩን ግን አልሰበረውም። ሁለቱ ለየብቻ የሚመዘኑ ናቸው።

ወደዚህ ሥራ ልግባ ያልህ እንደ ሆነ በሩ ብዙ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኮምፒዩተር ትምህርትም ሕግም ያስተምራል። የኮምፒዩተር ተማሪ ከሆንህ ከሕግ ተማሪዎች ጋር ተወዳጅና የማስረጃ ሕግ የሚማሩበትን መጽሐፍ ተዋስ፤ የሕግ ተማሪ ከሆንሽ ደግሞ፣ እኅቴ፣ ስለ ዲስክና ስለ መረብ የሚያስረዳሽ ጓደኛ ፈልጊ። ሰንዳፋ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመረብ ደኅንነት አስተዳደሩም ተሰጥዖ ያላቸውን ወጣቶች በክረምት ሰብስቦ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ልምምድህን ግን በጓደኛህ ስልክ ወይም በትምህርት ቤትህ መረብ ላይ አታድርግ፤ ስለ 3 ዓመቱ ከላይ ነግረንሃል። ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ገዝተህ በክፍልህ አገናኝና እነርሱን ስበር።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረህ የምትሠራ ወጣት እንደ ሆንህ ደግሞ ትምህርቱ እዚያው ከጠረጴዛህ ላይ ይጀምራል። የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተለጥፎ፣ አምስት ሠራተኞችም በአንድ ስም ሲገቡ አይተን እናውቃለን። እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ነገ አንድ ሰነድ ቢጠፋ ማን እንዳጠፋው የሚያውቅ መርማሪ አይገኝም፤ አምስቱም ይጠረጠራሉ፤ አንዱ አንተ ነህ። የራስህ ስምና የራስህ ይለፍ ቃል እንዲሰጥህ በማመልከቻ ጠይቅ፤ የማመልከቻውንም ግልባጭ አስቀር።

አንድ ቀን በባንክ ወይም በኩባንያ ለዘብነት ተፈትነህ ካለፍህ፣ ፈታኞቹ «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ይሉህ ይሆናል። ደመወዙን ከመጠየቅህ በፊት ሪፖርትህን የምታቀርበው ለማን እንደ ሆነ ጠይቅ። ለኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ብቻ ከሆነ፣ የራሱን ክፍል ጉድለት ለራሱ ልትነግረው ነው። ለዲሬክተሮች ቦርዱ በቀጥታ የምትጽፍበት መንገድ መኖሩን፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ የሚሄደውን ደብዳቤም የሚፈርመው ማን እንደ ሆነ ጠይቅ። መልሱንም በቃል ብቻ አትቀበል፤ በቅጥር ውልህ ላይ ይጻፍልህ።